ገል አይጣልም

በጠዋት ወደ ቀጨኔ የሚወጣ ሰው፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ጠባቦቹ መንደሮች ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚሰማው የመውቀጥ ድምፅ ነው። ቡና ወይም በርበሬ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን በዕድሜ የገፉ እናት ደጃቸው ላይ በርጩማ አስቀምጠው የተሰበረ ድስት በድንጋይ ሲያደቅቁ ይታያሉ። ስባሪው በወጥ ቅባት ጠቁሯል። የደቀቀውን በወንፊት ይነፉታል፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን መልሰው ይወቅጡታል። አጠገባቸው በላስቲክ የተሸፈነ የጭቃ ክምር አለ፤ ከግድግዳው ጥግ ደግሞ ገና ያልተተኮሱ ጀበናዎች ተደርድረዋል።

«እማማ፣ ገሉ ምን ያደርግልዎታል?»

«ያለ ገል ጭቃው እሳት አይችልም፣ ልጄ።»

ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለም። የቀረውን እጃቸው ይናገራል። አንድ እፍኝ የገል ዱቄት ጭቃው ላይ ይበትናሉ፣ ያሹታል፣ ይጨምራሉ። ስንት እፍኝ እንደሚበቃ በሚዛን አይለካም፤ ጭቃው መዳፋቸው ውስጥ ሻከር ሲል ይበቃቸዋል።

በእነዚያ ጥቂት እፍኞች ውስጥ አንድ የምህንድስና ትምህርት አለ። እርጥብ ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል። እንደ አፈሩ ዓይነት ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ የሚሆን ርዝመቱን ያጣል፤ መኮማተሩ በሁሉም ቦታ እኩል ካልሆነ ይሰነጠቃል። ገል ግን አንድ ጊዜ እሳት አይቶ ስለወጣ ዳግመኛ አይኮማተርም። ጭቃው መካከል ገብቶ አጥንት ይሆነዋል። እርጥበቱ የሚወጣባቸውን ጥቃቅን ክፍተቶች ይከፍታል። ዕቃው ከተተኮሰ በኋላም እሳት ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚፈጠር ቀጭን ስንጥቅ ገሉ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ምጣድና ድስት በየቀኑ እሳትና ቅዝቃዜ እየተፈራረቀባቸው ዓመታት የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። የትናንቱ ድስት ነገ የሚጋገርበትን ምጣድ ያጠነክራል።

በቤት ውስጥ፣ በእጅ ብቻ፣ ቀላል የሸክላ ዕቃ መሥራት ማንም የሚችለው ነገር ነው። ተሽከርካሪ መሥሪያ አያስፈልግም፤ የኤሌክትሪክ መተኮሻ አያስፈልግም፤ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እውቀት ነው፤ እውቀቱ ደግሞ ባለቤቶች አሉት። ከዚህ በታች ያለው ዘገባ አንድ ጀማሪ የመጀመሪያውን ጎድጓዳ ሳህን እንዴት እንደሚሠራ እየተከተለ፣ እግረ መንገዱን ይህን እውቀት ይዘው ስለቆዩት ሴቶችና አገር እንዴት እንደያዛቸው ይናገራል።

አፈሩን ማወቅ

የሸክላ አፈር የተወለደው ከዓለት ነው። ዓለቱ ለብዙ ሺህ ዓመታት ከውሃና ከአየር ጋር ሲገናኝ ማዕድኑ ይለወጥና እጅግ ደቃቅ፣ ጠፍጣፋ ቅንጣቶች ይሆናል። አንዱ ቅንጣት አንድ ሚሊ ሜትር ለአምስት መቶ ሲከፈል ከሚደርሰው ያንሳል። ውሃ በመካከላቸው ሲገባ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ጭቃው የሰጡትን ቅርፅ ተቀብሎ የሚይዘው ለዚህ ነው። ውሃው ሲወጣ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይቆልፋሉ። የሸክላ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ውሃን በልክ አስገብቶ በትዕግሥት ማስወጣት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁሉም አፈር ግን አይሆንም። በደጋው ሜዳ ላይ በብዛት ያለው ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ እጅን የሚይዝ፣ የሚለጠጥ ነውና ጀማሪን ያታልላል። በበጋ መሬቱ ምን ያህል እንደሚሰነጠቅ ያየ ሰው ግን ለምን እንደማይሆን ይገባዋል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ በጣም ያብጣል፣ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፤ ለብቻው የተሠራ ሳህን ጥላ ውስጥ እንዳለ ይፈነዳል። አሸዋ የበዛበት ቀይ አፈር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አይኮማተርም፣ ግን አይያያዝም። ባለሙያዎቹ በብዙ ቦታ ከሁለት የተለያዩ ጉድጓዶች የወጡ አፈሮችን የሚቀላቅሉት የአንዱን ጉድለት በሌላው ለመሙላት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከመሬቱ የላይኛው፣ ሥርና ቅጠል ካለበት ክፍል በታች አንድ እፍኝ አፈር ይወሰዳል። በውሃ ይለወስና በመዳፍ መካከል እየተድቦለቦለ እንደ እርሳስ የቀጠነ ጥቅልል ይሆናል። ከዚያ በጣት ዙሪያ ይጠመጠማል። ሳይሰበር ከታጠፈ ለሥራ ይሆናል፤ ላዩ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ካወጣ አሸዋ በዝቶበታል፤ ጭራሽ ከተቆረጠ ሌላ ቦታ መቆፈር ነው። ሁለተኛው ፈተና ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ከዚሁ ጭቃ የሠሩትን ትንሽ ቂጣ ጥላ ውስጥ አድርቆ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ማየት።

አፈሩ ከተገኘ በኋላ ደርቆ ይወቀጣል፣ ጠጠርና ሥር ይለቀምለታል፣ ይነፋል፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆያል። በቆየ ቁጥር ውሃው እያንዳንዱን ቅንጣት ያገኘዋል፤ ጭቃውም ይታዘዛል። በመጨረሻ ገል ወይም ደቃቅ አሸዋ ይጨመርና ይታሻል። ማሸቱ ዋና ሥራ ነው፤ ጭቃው ውስጥ የቀረ የአየር ኪስ ቅርፁን ያዛባል፣ ግድግዳውንም ያሳሳል። ጀማሪ የጭቃውን አራተኛ ወይም አምስተኛ እጅ የሚሆን ገል ቢጨምር መነሻ ይሆነዋል፤ ከዚያ በኋላ ልኩን የሚነግረው የራሱ አፈር ነው።

አንድ የጤና ነገር እዚህ ላይ ይነሳል። ደረቅ የሸክላ አቧራ ሳንባን የሚጎዳ ደቃቅ ሲሊካ አለበት። በቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ውጭ ይውቀጥ፤ ወለሉንም በመጥረጊያ ከማቡነን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግ።

ዙሪያውን መዞር

የመጀመሪያው ዕቃ መዳፍ የምትሞላ ጎድጓዳ ሳህን ትሁን። ብርቱካን የሚያህል ጭቃ ተድቦልቡሎ በግራ እጅ ይያዛል። የቀኝ እጅ አውራ ጣት መሐሉን እየተጫነ ይገባል፤ ከታች የጣት ውፍረት ያህል ሲቀር ይቆማል። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች መካከል ግድግዳው በቀስታ ይቆነጠጣል። ድቡልቡሉ ትንሽ ይዞራል፣ ይቆነጠጣል፣ ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ ማሳሳት የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። አፉ መሰንጠቅ ከጀመረ በረጠበ ጣት ይዳሰሳል፤ ብዙ ውሃ ግን ግድግዳውን አልሞ ይጥለዋል።

ከፍ ላለ ዕቃ ጥቅልል ያስፈልጋል። ጭቃው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ እየተንከባለለ ረጅም ገመድ ይሆናል። በመቀመጫው ጠርዝ ላይ ይጠመጠማል፤ ከውስጥም ከውጭም በጣት ወደ ታች እየተጎተተ ከታችኛው ጋር ይዋሐዳል። ጀማሪዎች ከላይ ማለስለሱን ያስቡና ውስጡን ይረሱታል፤ ያ መጋጠሚያ ሲደርቅ ይከፈታል። እጀታ ወይም ጆሮ ሲጨመርም ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በእሾህ ወይም በሹካ ይጫራል፣ በቀጠነ ጭቃ ይቀባል፣ ከዚያ ተጭኖ ይያያዛል። ሁለቱ አካላት በእርጥበት እኩል መሆን አለባቸው። የደረቀ ሆድ ላይ እርጥብ እጀታ የለጠፈ ሰው በማግሥቱ እጀታውን ለብቻው ያገኘዋል።

ጀበና የባለሙያ ፈተና የሆነችው በዚህ ነው። ክብ ሆድ፣ ረጅም ቀጭን አንገት፣ ከአንገት እስከ ሆድ የሚወርድ እጀታ፣ ቡናው የሚቀዳበት ቀጭን አፍ፤ አራቱም በየተራ ተሠርተው፣ በየልካቸው ጠንክረው ይገናኛሉ። አንገቱ ቶሎ ከተቀመጠ ሆዱ ይሰምጣል፤ ከዘገየ አይያያዝም። ባለሙያዋ አንዷን ጀበና ይዛ ስለማትጨርስ ነው በአንድ ጊዜ ብዙ ጀበና የምትጀምረው። የአንደኛዋ ሆድ እስኪጠና የሌላዋን ትሠራለች፤ ተራው የሚወሰነው በጭቃው እንጂ በሰዓት አይደለም።

ይህ ሁሉ ያለ ተሽከርካሪ መሥሪያ መሆኑ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ሲወሰድ ኖሯል። የአክሱም ሥልጣኔ ሐውልቶቹን ሲያቆም፣ ከሮምና ከሕንድ ጋር ሲነግድ፣ ከወርቅ ገንዘብ ሲያወጣ የአገሩ ሸክላ የሚሠራው በእጅ ነበር። በተሽከርካሪ የተሠሩት ከውጭ የገቡት ናቸው። ከባሕር ማዶ ነጋዴዎች ጋር ሲገበያዩ የኖሩት አክሱማውያን ስለ መሣሪያው አልሰሙም ማለት ይከብዳል። ገል የበዛበት ሻካራ ጭቃ ግን በተሽከርካሪ ላይ የባለሙያውን መዳፍ ይልጣል። ለእሳት የሚሆነው ጭቃና ለፈጣን መሣሪያ የሚመቸው ጭቃ አንድ አይደሉም። ከወፍጮ ሰፋ ያለ ምጣድ ወይም ለሠርግ ጠላ የሚጠመቅበት ጋን የሚሠራ ሰው እጁን ቢመርጥ አያስገርምም።

ሲደርቅ

ቅርፁ ካለቀ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላል። በእውነቱ አብዛኛው ዕቃ የሚበላሸው አሁን ነው።

ሳህኗ ፀሐይ ላይ ከወጣች የአፏ ጠርዝ ቀድሞ ይደርቃል፤ መቀመጫዋ ገና እርጥብ ነው። ጠርዙ ሲኮማተር መቀመጫው እምቢ ይላል፤ መሐል ላይ ትተረተራለች። ስለዚህ መጀመሪያ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ላላ ተደርጋ ተሸፍና፣ ነፋስ በማይመታው ጥላ ትቀመጣለች። ጥፍር ሲጫኗት ምልክት እየያዘች ነገር ግን የማትታጠፍ ስትሆን ሽፋኑ ይነሳል።

ለስላሳ የወንዝ ጠጠር የሚያስፈልገው በዚህች ሰዓት ነው። ጠጠሩ ላዩን ሲፈገፍገው ቅንጣቶቹ ተጋድመው ይተኛሉ፤ ላዩ ማንጸባረቅ ይጀምራል። ይህ ውበት ብቻ አይደለም። የተፈገፈገ ገጽ ውሃን ቶሎ አያሾልክም፣ ምግብም አይይዝም። የምጣድ ፊት የሚፈገፈገው እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው። ከእናታቸው የወረሱትን ጠጠር የሚጠቀሙ ባለሙያዎች አሉ፤ ከብዙ ዓመት መፋተግ የተነሳ ለመዳፋቸው የተሠራ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ለትንሽ ሳህን በበጋ ሳምንት ገደማ ይበቃል፤ ለወፍራም ዕቃ ከዚያ ይረዝማል። መድረሱን የሚፈትኑት በጉንጭ ነው፦ ሳህኗ ጉንጭ ላይ ስትደረግ ከቀዘቀዘች ውስጧ ውሃ አለ። ክረምት ለዚህ ሙያ ክፉ ወቅት የሆነው ለዚህ ነው። አየሩ ውሃውን አይቀበልም፣ ማገዶው ይረጥባል፣ ዕቃው የምድጃውን ዳር ይሻማል፣ ገቢውም ይቀንሳል።

እሳቱ

ብዙ ጀማሪዎች የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ የኩሽና ምድጃ አይሆንም ወይ? አይሆንም። የቤት መጋገሪያ 250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ያቆማል። ጭቃው ግን ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ካላለፈ ሸክላ አይሆንም። ከዚያ በታች የወጣው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ብቻ ነው፤ ዕቃው ውሃ ውስጥ ቢገባ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ከዚያ በላይ ግን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ የቆየው ውሃ ይለቃል፤ ማዕድኑ ራሱ ይለወጣል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። በገደል ጥግ ወይም በጓሮ የሚነድ ክፍት እሳት ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ስለሚደርስ ይበቃዋል።

አደጋው ያለው በመጀመሪያዎቹ መቶ ዲግሪዎች ነው። ግድግዳው ውስጥ የቀረ ውሃ 100 ዲግሪ ሲደርስ እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ካጣ ዕቃውን ይበትነዋል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ዕቃዎቹን መጀመሪያ በእሳት ዳር ያሞቋቸዋል፣ ያገላብጧቸዋል። ከሥር የደረቀ ጭራሮና ኩበት ይነጠፋል፤ ዕቃዎቹ ይደረደራሉ፤ በላያቸው የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ገለባና ኩበት ይለበሳል። ነፋስ ባለበት ሰዓት አይለኮስም፤ ነበልባሉ አንድ ወገን ብቻ ከመታ ዕቃው ይሰነጠቃል። አንዳንዶቹ በስባሪ ገል ዙሪያውን ይከልሉታል። ገል እዚህም ሥራ አለው።

እሳቱ ውስጥ ዕቃው ሲቀላ ደርሷል። በረጅም እንጨት ተስቦ ወጥቶ ሜዳ ላይ ከቀዘቀዘ ቀይ ወይም ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ከአየር ጋር ተገናኝቷልና። ገና ቀይ እንደሆነ ቅጠል ወይም ገለባ ውስጥ ከተቀበረ ግን አየር ያጣል፤ ጢሱ ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ ዕቃው ይጠቁራል። ጥቁሯ ጀበናና ቀዩ ድስት ከአንድ ጉድጓድ አፈር የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

በከተማ የሚኖር ጀማሪ ጓሮ ከሌለው ምን ያድርግ? በረንዳ ላይ አይሞከር፤ እርጥብ መሬት ወይም ድንጋይ ላይም አይሁን፤ የረጠበ ድንጋይ በእሳት ይፈነዳል። የተሻለው መንገድ በደንብ የደረቀችውን ሳህን ይዞ ባለሙያዎቹ ወደሚተኩሱበት መሄድና ለቦታዋ ከፍሎ ከእነሱ ዕቃ ጋር ማስገባት ነው። ገንዘቡም ለሚገባው ይደርሳል፤ ጀማሪውም ሲተኮስ ቆሞ በማየት ከየትኛውም ጽሑፍ የበለጠ ይማራል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ያሉ ወገኖች ደግሞ በየሰፈሩ ካሉ የሸክላ ማስተማሪያ ስቱዲዮዎች የኤሌክትሪክ መተኮሻ መጠቀም ይችላሉ፤ ለተራ ሸክላ 1,000 ዲግሪ አካባቢ የተለመደ ነው።

ማሟሸት

ከእሳት የወጣ ዕቃ ገና ለማጀት አልደረሰም። በክፍት እሳት የተተኮሰ ሸክላ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። በእንስራ ለቀዳነው ውሃ ይህ ጸጋ ነበር፤ ውሃው በቀዳዳዎቹ ወጥቶ ላዩ ላይ ሲተን የውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ለወጥና ለቡና ግን ቀዳዳው መደፈን አለበት። ማሟሸት የሚባለው ይህ ነው።

ምጣዱ ደጋግሞ እየሞቀ በተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሻል፤ ዘይቱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሲያር ጥቁር፣ ለስላሳ ገጽ ይሠራል። ጀበናዋ በውሃና በቡና አተላ ትፈላለች። ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየተፈተገ ይታጠባል፣ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ጠላው የሚያወጣው ሽታ ከዚያ ይጀምራል። በሌላው ዓለም ይህን ሥራ የሚሠራው ዕቃው ላይ ቀልጦ የሚቀረው መስታወታማ ቅብ ነው። በእኛ ዘንድ ባለቤቲቱ ራሷ ትጨርሰዋለች። ሸክላ ሠሪዋ ግማሹን ሠርታ ታስረክባለች፤ የቀረውን ግማሽ ማጀቱ ይሠራዋል።

የራሱን ሳህን የሠራ ሰውም ይህንኑ ያድርግ። ከቅብ ይልቅ ማሟሸትን ቢመርጥ ሌላ ጥቅም አለው፦ አንዳንድ የሸክላ ቅቦች እርሳስ ስላለባቸው ለምግብ አይሆኑም፤ ዕቃው ላይ ያለው ቅብ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይብላበት።

ሠሪዋ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ፣ የአፈሩ ድብልቅ፣ የገሉ ልክ፣ የማድረቁ ሰዓት፣ የእሳቱ ቀለም፣ በኢትዮጵያ በአብዛኛው የሴቶች እውቀት ነው። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ በጨዋታ ትንንሽ ድስት እየሠራች ትጀምራለች፤ ከዚያ ጭቃ ታሻለች፣ ትፈገፍጋለች፣ በመጨረሻ አንገትና እጀታ ታያይዛለች። መጽሐፍ የለም፤ ፈተናው እሳቱ ነው።

እነዚህን ሴቶች አገራቸው እንዴት እንደያዛቸው ሁሉም ያውቃል፣ ጥቂቱ ይናገራል። በሰሜኑ ቡዳ ተብለዋል። በወላይታ ጭናሻ የሚባሉት፣ በጋሞና በአሪ እንዲሁም በካፋ የሸክላ ሥራ የያዙት ወገኖች ከገበሬው ጋር እንዳይጋቡ፣ አብረው እንዳይበሉ፣ መሬት በቂ እንዳይኖራቸው ተደርጎ ኖረዋል። የሠሩትን ድስት ሁሉም ይፈልገዋል፤ ድስቱ ላይ አብረው እንዲቀመጡ ግን አይፈለግም።

የቤተ እስራኤል ታሪክ ይህ እንዴት እንደሚሆን ያሳያል። በትውፊቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ከተዋጓቸው በኋላ ያልተጠመቀ ርስት አይወርስም ተባለ። ርስት ያጣ ሰው የሚያርሰው ከሌለው የሚቀረው እጁ ነው። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ግንብ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። የጎንደር ነገሥታት ሲያንጹ የእነዚህን ባለሙያዎች እጅ ተጠቅመዋል። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ በሴቶቿ ሸክላ ታወቀች፤ በኋላም ለጎብኚ የሚሸጡ ትናንሽ ምስሎች መሥራት ጀመሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ሲጓዙ፣ ቀደም ብለው ከሄዱት ጋር ሙያውም አብሮ ተሰደደ። በወለቃ ከመንገዱ ዳር ዛሬ የሚሸጡት ምስሎች በአብዛኛው የክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው እጅ ሥራ ናቸው፤ ሙያው ባለቤቱን ቢለውጥም ቦታውን አልለቀቀም።

ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን የሚሳደብ ሰው አገር እንደሚጎዳ ገልጸው ነቀፉ፤ ስድቡን የማይተው እንደሚቀጣ አስጠነቀቁ። አዋጁ ስለ ሥራ ክብር ከተነገሩት መንግሥታዊ ቃላት መካከል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ።

ስድቡ ራሱን የሚያጸድቀው «እነሱ ሌላ ዘር ናቸው» በሚል ነው። በአሪ ብሔረሰብ እንደ ሸክላ ሠሪዎቹ በተገለሉት አንጥረኞችና በገበሬዎች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረ መል ጥናት ይህን መረመረ። ሁለቱ ወገኖች በዘረ መላቸው ልዩነት ይታይባቸዋል፤ ነገር ግን ልዩነቱ የመጣው አንጥረኞቹ ተገልለው በመካከላቸው ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው ነው፤ መነሻቸው የጋራ ሆኖ ተገኘ። መገለሉ ራሱ ልዩነቱን ፈጠረ፤ ከዚያ ልዩነቱ ለመገለሉ ማስረጃ ተደርጎ ቀረበ።

ሌላ መንገድ እንደነበረ ለማየት ወደ ናይጄሪያ ማየት ይበቃል። ላዲ ክዋሊ በመንደሯ እንደ እኛዎቹ ሴቶች ሁሉ ጭቃ በእጅ እየጠመጠመች፣ በዕቃው ዙሪያ ወደ ኋላ እየተራመደች የምትሠራ ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአቡጃ (የዛሬዋ ሱሌጃ) የሸክላ ማሠልጠኛ ገብታ ሥራዋ በዓለም ታወቀ። ዛሬ የናይጄሪያ 20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ ሸክላ እየሠራች ትታያለች። በዚያው ማሠልጠኛ የተማረችው በናይሮቢ የተወለደችው መግደሌን ኦዱንዶ ደግሞ በጥቅልል የምትሠራቸው፣ ያለ ቅብ በጠጠር የምትፈገፍጋቸው፣ በጢስ የምታጠቁራቸው ዕቃዎች በጨረታ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ፓውንድ ይሸጣሉ። ዘዴው በመሠረቱ የቀጨኔዋ እናት ዘዴ ነው።

ዋጋው

ሸክላ ሊጠፋ ነው የሚለው ልቅሶ ብዙ ጊዜ ተለቅሷል። ከፊሉ እውነት ነው። ቢጫው ጀሪካን እንስራን ከሴቶች ጀርባ አውርዶታል፤ ለተሸካሚዋ ጀርባ ይህ መልካም ነው። አሉሚኒየም ድስት ቶሎ ይሞቃል፣ አይሰበርም። ጋን በፕላስቲክ በርሜል እየተተካ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች እንጀራ የጋገሩት መጀመሪያ ለኖርዌይ ስደተኞች ቂጣ፣ ለሌፍሴ፣ በተሠራ ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ላይ ነው።

የቀረው ግን ቀላል አይደለም። በአገር ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ልቡ ዛሬም ሸክላ ነው፤ ከጀርባው በተቀረጸ ቦይ ውስጥ የማሞቂያው ሽቦ ይተኛል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ሸክላ ሠሪዋን ከገበያ አላስወጣትም፤ ገዢዋን ለወጠባት። በየምግብ ቤቱ ተጋቢኖ እየተንተከተከ፣ ሸክላ ጥብስ በፍሙ ላይ እንደሆነ የሚቀርበው በእነዚሁ እጆች ሥራ ነው። ቡናውማ ያለ ጀበና አይፈላም።

የተበላሸው ሒሳቡ ነው። ለአንዲት ጀበና የሚከፈለው ዋጋ በገበያ የሚታሰበው «ጭቃ እኮ ነው» ተብሎ ነው። አፈሩን ቆፍሮ ማምጣት፣ መውቀጥ፣ መንፋት፣ ማሸት፣ አራት አካል ሠርቶ ማያያዝ፣ መፈግፈግ፣ ሳምንት መጠበቅ፣ ማገዶ መግዛት፣ በእሳት የተሰነጠቁትን መክሰር አይቆጠርም። ከመቶው ዕቃ ስንቱ እንደሚፈነዳ የሚያውቀው ሠሪዋ ብቻ ናት፤ ኪሳራውም የእሷ ብቻ ነው። በመካከል ያለው ነጋዴ በሳምንት ውስጥ የሚያተርፈውን እሷ በወር ላታገኝ ትችላለች። ምግብ ቤቱ ግን ያንኑ ሸክላ ለጌጥ ጭምር ያቀርበዋል።

በቤት ውስጥ አንዲት ሳህን የመሥራት ጥቅም እዚህ ላይ ነው የሚታየው። መዝናኛ ነው፣ ለልጆችም ጥሩ ትምህርት ነው። ከዚያ በላይ ግን የዋጋ ትምህርት ነው። ሳህኗ በማድረቂያው ላይ ስትሰነጠቅበት ያየ ሰው፣ ሁለተኛዋ በእሳት ዳር ስትበተንበት የሰማ ሰው፣ ሦስተኛዋ ደህና ወጥታ ሩዝ ሊበላባት ሲቀመጥ መርካቶ ላይ ስለ ጀበና አሥር ብር ለማስቀነስ የተከራከረበት ቀን ትዝ ሊለው ይችላል። ያኔ ክርክሩ አያምረውም።

ሠሪዎቹ ዕቃቸው ላይ ስማቸውን አይጽፉም። በዐውደ ርዕይ ወይም በማሳያ ክፍል የሚሸጡ ጥቂት ሥራዎች ካልሆኑ በስተቀር ገዢ ማን እንደሠራው አይጠይቅም፤ ሻጭም አይናገርም። እርጥብ ጭቃ ላይ በእሾህ ሁለት ፊደል መጻፍ ግን ከምንም በላይ ቀላል ሥራ ነው፤ እሳቱም አያጠፋውም። ገዢዎች ስም ያለበት ጀበና ይሻለናል ማለት ቢጀምሩ፣ ምግብ ቤቶች ከእነማን እንደገዙ ቢገልጹ፣ ሠሪዋ የራሷ ደንበኛ ይኖራታል፤ ደንበኛ ያላት ሴት ደግሞ ዋጋ ትናገራለች። ለዚያ ስም ነጋዴው ጭማሪ ቢጠይቅ አይገርምም። ጭማሪው ለማን እንደደረሰ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው።